የእናታችን እናት ስሟ ማን ነበር?

ባለፉት ሳምንታት ስለ ልጆች ጤናና ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ ግን ከጓዳችን ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ስለሚያደርስ አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። አስቀድሜ ጥያቄ ላቅርብ። የእናታችሁን እናት የክርስትና ስም ታውቃላችሁ? የእርሷንስ እናት?

ካላወቃችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔም አላውቅም ነበር። አለማወቄን የተረዳሁትም እጅግ በማይመች ቀን፣ በአያቴ ቀብር ዕለት ነው።

አያቴ በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ ጉና ተራራን ፊት ለፊት በሚያይ የፋርጣ ገጠር ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ስድስት ልጆች አሳድጋ ያረፈች ሴት ናት። አስከሬኗ ከቤት ሊወጣ ሲል ፍትሐት የሚያደርሱት ቄስ ወደ ልጆቿ ዞር ብለው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የንስሐ አባቷ ቀድመዋት ዐርፈው ስለነበር ለቄሱ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። እናቴ ታላቅ ወንድሟን አየችው። አጎቴ አክስቴን አያት። አክስቴ መሬት መሬት አየች። ከስድስት ልጅ መካከል የእናቱን የክርስትና ስም የሚያውቅ አንድ እንኳ ጠፋ። በመጨረሻ ከለቀስተኛው መካከል አንዲት አሮጊት፣ ከአያቴ ጋር ለብዙ ዓመታት የእመቤታችንን ማኅበር ይጠጡ የነበሩ፣ ብድግ ብለው ስሙን ለቄሱ በጆሯቸው ነገሩላት። ጸሎቱም ቀጠለ።

እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ «ያጠባችኝን እናቴን ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት» እያለች ታነሣዋለች። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው ነው።

እንደምታውቁት በአገራችን ክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ አንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው ወላጆቹ የሚያወጡለት፣ ጎረቤት የሚጠራው፣ በመታወቂያ ወረቀትም የሚሰፍረው ስም ነው። ሁለተኛው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ በቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ነው። ይህ ስም ከጸሎት፣ ከቁርባን፣ ከፍትሐትና ከተዝካር ውጪ እምብዛም አይጠራም። «መተት ይሠራበታል» ብለው ፈርተው የሚደብቁትም ብዙዎች ናቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ከባለቤቱ ጋር አፈር ይገባል። የወንዱ እንኳ ቢጠፋ የቤት ስሙ በልጆቹ ስም ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ሁለት ትውልድ ይኖራል። የሴቷ ግን በማንም ስም ላይ አይንጠለጠልም። የአባታችንን አባት፣ የአያታችንን አባት እንቆጥራለን። የእናታችንን እናት ስንጠየቅ ግን ምላሳችን ይተሳሰራል።

በውጭው ዓለም የቤተሰብን ታሪክ መፈለግ ብዙ ሰው የሚደክምበት ሥራ ሆኗል። በተለይ አያቶቻቸው ከጣሊያን ወደ አሜሪካና ወደ አርጀንቲና የተሰደዱ ሰዎች ወደየመንደሩ እየተመለሱ በየደብሩ የሚገኙትን የቆዩ መዝገቦች ያገላብጣሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 የደብር ቄሶች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ደንግጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1614 ደግሞ የሞት መዝገብ ተጨመረበት። ይሁንና መዝገቡን ማግኘት አንድ ነገር፣ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ቋንቋው ላቲን ነው፤ ቃላቱ እየተቆረጡ ይጻፋሉ፤ በቤቱ ጆቫኒ ይባል የነበረው ሰው በመዝገቡ ዮአኔስ ሆኖ ይገኛል። የሚያስደስተው ነገር ሴቶቹ ካገቡም በኋላ በአባታቸው ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገቡ የእናት ዘር እንደዋዛ አይጠፋም።

በእኛ አገር በቀደመው ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ በተወለደ ቁጥር የሚሞላ የጥምቀት መዝገብ ልማድ አልነበረም። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ለአያቶቻችን ምንም የተጻፈ የለም ማለት ነውን? አይደለም። አለ፤ የሚገኘው ግን በማናስበው ቦታ ነው።

የጥንት አባቶች ርስት ሲከፋፈሉ፣ መሬት ሲሸጡና ሲገዙ፣ ተከራክረው ሲፈረድላቸው ውሉን ያስጽፉ የነበረው በደብራቸው ብራና ላይ ነበር። ብዙውን ጊዜ በወንጌሉ መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች፣ አንዳንዴም በኅዳጉ ላይ ይጻፋል። ወንጌል የሚመረጠው የተከበረ ስለሆነና በላዩ የተጻፈውን ቃል ማንም በድፍረት ስለማይፍቀው ነው። መክፈቻው ግዕዝ ነው፤ ጉዳዩ ሲጀመር አማርኛ ይሆናል። ዘመኑ፣ ንጉሡ፣ አገር ገዢው፣ የደብሩ አለቃ ይጠራሉ። ከዚያ ሻጭና ገዢ፣ ዋጋው በወርቅ ወቄት ወይም በጠገራ ብር፣ ዋስና ምስክር ይከተላሉ። መዝጊያው ቃሉን በሚያፈርስ ላይ የሚወርድ ውግዘት ነው።

በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች በብዛት ይገኛሉ። ምክንያቱም ቀላል ነው። በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ርስት ጠያቂ የሆነ ሰው እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ዘሩን ሲቆጥር መንገዱ በሴት በኩል የሚያልፍ ከሆነ ያቺን ሴት መጥራት ግዴታው ነበር። ዶናልድ ክረሚ የተባሉ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1982 ባሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች በጎንደር ዘመንና ከዚያ በኋላ የበጌምድር ሴቶች መሬት ይወርሱ፣ ይሸጡ፣ ይገዙ፣ በዳኛ ፊትም ቆመው ይከራከሩ እንደነበር ከእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች አሳይተዋል። እኛ ረሳናቸው እንጂ ብራናው አልረሳቸውም።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ከአያቴ ተዝካር በኋላ እነዚያው የማኅበር ጓደኛዋ ለእናቴ አንድ ወሬ ነገሯት። የአያቴ እናት በወጣትነቷ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር በእናታቸው ርስት ተካስሳ ድርሻዋን አስከብራ ነበር፤ ፍርዱም «በደብሩ ወንጌል ላይ ወርዷል» ይባላል። የሴትዮዋን የክርስትና ስም ግን እርሳቸውም አያውቁትም። እናቴም የምታውቀው የቤት ስሟን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ደብሩ ሄድን። አለቃውና የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ጉዳያችንን ካደመጡ በኋላ ወንጌሉን የሚያነቡልን አንድ አዛውንት መሪጌታ ተጠሩ። መሪጌታው ከሁሉ አስቀድመው «ልጄ፣ ለመሬት ክስ ነው?» ብለው እናቴን ጠየቋት። መጠየቃቸው አያስገርምም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀርቶታል። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ጋት መሬት አያስገኝም። ሆኖም ተስፋ ያልቆረጠ ወይም ብራና ለመስረቅ የሚያደባ ሰው እንዳለ ካህናቱ ያውቃሉ። እናቴ «የለም አባቴ፤ የሴት አያቴን ስም ፍለጋ ነው የመጣሁ» አለች። መሪጌታው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ብራናውን ገለጡት።

እዚህ ላይ እንዴት እንደሚነበብ ያየሁትን ላካፍላችሁ። አንድ ቀን ሊጠቅማችሁ ይችላል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ዘመን ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ዓመተ ዓለምን በግዕዝ ቁጥር ያሰፍራል። ለምሳሌ ፸፫፻፴፫ ቢል 7333 ማለት ነው። ከዓመተ ዓለሙ ላይ 5500 ሲቀነስ ዓመተ ምሕረቱ ስለሚገኝ መልሱ 1833 ዓ.ም. ይሆናል። ዳግማዊ ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው አገር ያስተዳድሩበት የነበረ ዘመን ነው። በዚህ ላይ ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ ስለሚመሳሰሉ ዓይን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

አብዛኛው ጽሑፍ ግን ቁጥር አይጽፍም፤ ዘመነ እገሌ ብሎ ወንጌላዊውን ይጠራል። ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ይመላለሳሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍላችሁ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ከላይ ያየነው 1833 አንድ ስለሚተርፈው ዘመነ ማቴዎስ ነው። ታዲያ ዘመነ ሉቃስ የሚል ብቻ ብታገኙ የትኛው ሉቃስ ነው? ይህን የሚፈታው የሹሞቹ ስም ነው።

የእኛ ጽሑፍ «ራስ ጉግሣ» የሚል ነበር። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩትን አስታውሼ የደብረ ታቦርን ከተማ የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። መሪጌታው ግን ሣቅ ብለው «አትቸኩይ ልጄ፣ ደብረ ታቦር ሁለት ጉግሣ አላት» አሉኝ። እውነት ነው። የመጀመሪያው ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ሞተዋል። ሁለተኛው ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት፣ በጌምድርን ሲገዙ ቆይተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወድቀዋል። በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አለ። ልዩነቱን የሚነግረን ከራሱ በላይ የተጠራው ዘውድ ነው። ከፍ ብለን ብናይ ዘውዲቱ ይላል። ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነግሠዋል። በዚያ ውስጥ ዘመነ ሉቃስ የሚውለው በ1911፣ በ1915 እና በ1919 ነው። ከአያቴ ዕድሜ ጋር ስናስተያየው ይገጥማል።

ሁለተኛው እንቅፋት ስም ነው። የክርስትና ስም ለማያውቅ ሰው ብራናው ዝግ በር ነው። ታላቋን እቴጌ ምንትዋብን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ መሆኑን የማያውቅ ሰው ስማቸው ዓይኑ ሥር ተጽፎ ያልፋቸዋል። ለእቴጌ እንዲህ ከሆነ ለባላገሯ እንዴት ይሁን? በዚያ ላይ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ ሴቶች በአንድ ደብር አጥቢያ ብዙ ናቸው። አንዷን ከሌላዋ የሚለየው የአባቷ ስም፣ የወንድሞቿ ስምና የመሬቷ ስም ነው።

መሪጌታው ጣታቸውን ብራናው ላይ ሳያሳርፉ ከበላይ ከበላይ እያስኬዱ ያነቡልን ጀመር። የደብሩ አለቃ፣ ዳኛው፣ ዋሶቹ ተጠሩ። ቀጥሎ የሁለት ወንድማማቾች ስም መጣ። እናቴ የሁለተኛውን ስም ስትሰማ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አያቴ በልጅነቷ አዝሎ ያሳደጋት እያለች የምታነሣው አጎቷ ነው። በቤት ስሙ ተጽፏል። ከእርሱ ቀጥሎ «እኅታቸው» ይላል። ከዚያም «ወለተ» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ሰም አለ።

ማን ያውቃል፣ ከብዙ ዓመት በፊት በሌሊት ሲነበብ ከጧፍ ላይ የተንጠባጠበ ይሆናል። የስሙን ሁለተኛ ግማሽ አልብሶታል። እኔ በጥፍሬ ላስለቅቀው እጄን ስዘረጋ መሪጌታው ፈጥነው ከለከሉኝ። ሰሙ ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ይነሣል። «ልጅ መሆኗ ተጽፏል። የማን ልጅ እንደተባለች ነው የተሸፈነብን» አሉ። «ወለተ» በግዕዝ ልጅ ማለት ነውና። ከሰሙ በታች ያለው መስመር ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። የእናታቸውን ርስት ሦስቱ እኩል ተካፈሉ፤ ለእኅታቸውም ሲሶው ተፈረደላት።

እናቴ ብራናውን አልተሳለመችም፤ ራቅ ብላ ሰገደች። እያለቀሰች ይሁን እየሣቀች አልለየሁም። የአያቷን ስም ሳታገኝ ወጣች። ነገር ግን አያቷ በወንድሞቿ ፊት ቆማ መብቷን ያስከበረች ሴት መሆኗን በጽሑፍ አይታ ወጣች።

ውድ አንባቢዎች፤ ከዚህ ምን እንማራለን? ሰሙ የሸፈነውን ስም ሊነግረን ይችል የነበረው አያቴ ነበረች። የእናቷን ስም ታውቅ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ለዕረፍት ስንሄድ ቡና አፍልታ ፊታችን ትቀመጥ ነበር። የጠየቃት ግን አልነበረም። ከብራናው ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው የሰው ትዝታ ነውና እኔ የምመክራችሁ ከብራናው በፊት ከቡናው እንድትጀምሩ ነው።

አንደኛ፣ አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡ። የራሳችሁን፣ የእናታችሁን፣ የሴት አያቶቻችሁን የቤት ስምና የክርስትና ስም ጎን ለጎን ጻፉ። ከእያንዳንዷ ስም ጋር የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን አጥቢያ፣ ክርስትና የተነሣችበትን ደብር አስፍሩ። የክርስትና ስም በማይወጣበት ቤትም ቢሆን የሴት አያቶችን ስም ከነአባታቸው መጻፍ ያንኑ ያህል ዋጋ አለው።

ሁለተኛ፣ ስሙን በአደባባይ ለመናገር የሚፈሩ እናቶች እንዳሉ አትርሱ። አታስጨንቋቸው። ደብተሩን ስጧቸውና ራሳቸው ይጻፉት፤ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ለአንድ ልጃቸው ብቻ በጆሮ ይንገሩ። የንስሐ አባትና የማኅበር ጓደኞችም ጥሩ ምስክሮች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ዘር ስትቆጥሩ በሁለቱም በኩል ቁጠሩ። እስከ ሰባት ቤት አለመጋባት የሚለው ልማዳችን ሴቷን ካልቆጠረ ጎዶሎ ነው። ልጆቻችሁ ለአካለ መጠን ደርሰው እጮኛ ሲያመጡ በችኮላ ከመጠያየቅ ደብተሩን መግለጥ ይቀላል።

አራተኛ፣ ወደ ደብር የሚያደርስ ነገር ካገኛችሁ በአለቃውና በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ሂዱ። አንባቢው ሊቅ ይሁን፤ ብራናውን በእርጥብ እጅ አትንኩ፤ ሰምም ሆነ አቧራ አትፋቁ። ፎቶግራፍ ከተፈቀደላችሁ ያለ ፍላሽ አንሡ። ብራናውን ልሽጥላችሁ የሚል ቢመጣ እንቢ በሉ። ቅርሱ የአጥቢያው ሁሉ ነው።

የብዙ ደብር ጽሑፍ ዛሬ በቦታው የለም። ዓፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ አስገብተዋቸው የነበሩ መጻሕፍት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደዋል። ከመቅደላ ከተወሰዱት ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ይገኛሉ። በአንጻሩ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአገራችን ገዳማትና አድባራት የሚገኙ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂያቸው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙት እነዚህን መጻሕፍት አንብቦ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ነው። ዛሬ ብዙዎቹን በኮምፒዩተር ማየት ይቻላል። ይሁንና የሚፈልጉትን ስም ለማያውቅ ሰው 9,000 መጻሕፍትም ቢከፈቱለት ከአንዱም አይጠቀምም።

የዚያን ቀን ማምሻውን ከእናቴ ጋር ደብረ ታቦር ተመልሰን ብርድ ሸሽተን ምድጃ ዳር ተቀምጠን ነበር። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ደብተርሽን አምጪ» አለችኝ። አመጣሁ። የክርስትና ስሟን ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ የእናቴን ሙሉ ስም ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ። ከታች የአያቴን፣ ከእርሷ በታች «ወለተ» ብዬ ቀሪውን ቦታ ክፍት ተውኩለት። ከላይ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄን ስም ከነክርስትና ስሟ አሰፈርኩ። የእናቴን ስም እዚህ አልጽፍላችሁም፤ በአደራ የተሰጠኝ ነውና።

እናንተም ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ አስቀምጡና እናታችሁን ጠይቁ። እናታችሁ ሩቅ ከሆነች ስልክ ደውሉላት። እናታችሁ ካለፈች አክስታችሁን፣ የማኅበር ጓደኛዋን ፈልጉ። ልጆች ያላችሁ ደግሞ እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ፤ ንገሯቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።